በሰረቀብርሃን ስም የኖርኩት

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ሰረቀብርሃን ነው። ሰላምታዬን ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት፣ ፈርቼ ደብዳቤውን ባቋርጠው እንኳ ይቺ አንዲት መስመር እንድትደርስሽ ብዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ እያልኩ የኖርኩትን ሰው እንዲህ በነጠላ ልጽፈው ጀምሬ አንዴ ሰርዤዋለሁ። ግን ጻፍኩት።

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ታላቅ እኅቴ ለዳራርቱ ዋቁማ፣ ጉደር። እንደምን ከርመሻል እቴ? ጉልበትሽስ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀሽ ወይስ እንደ አምናው ብርዱን ሁሉ ይዞሽ ከረመ? ዓይንሽን ሐኪም አይቶታል ብሎ ልጅሽ ገመቹ ነግሮኝ ነበር፤ ብርሃኑ ተመለሰልሽ? ከብቶቹ፣ ጓሮው፣ የጎረቤቱ ሰው ሁሉ ደኅና ነው? ጆሮሽ እንደማይሻለው አውቃለሁ፤ በስልክ ከመጮህ መጻፉን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ስልኩንም ፈርቼዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ሆሳዕና የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት፤ እናቷን ልትጠይቅ ስለምትመጣ በእጇ ታደርስልሻለች። የልጅ ልጅሽ ሌሊሴ ቀስ ብላ፣ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች ታንብብልሽ። እኔ የእናታችንን ቋንቋ ሰረቀብርሃን ደጃፍ ላይ ጥዬ እንደገባሁ ታውቂያለሽ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ስንገናኝ በእጅ ምልክትና በለቅሶ ነበር ያወራነው።

እኔ በሥጋዬ ደኅና ነኝ፤ ስኳሬም በመድኃኒት ተይዟል። የሆቴሉን ልብስ ማጠብ ካቆምኩ ወዲህ ወገቤም ትንሽ አርፏል። የምኖረው እዚሁ ፍሪድሊ፣ ከልጄ ከኢየሩሳሌም ጋር ነው። ሌላው ሁሉ ግን ደኅና አይደለም።

በዚህ አገር ብርድ ሲመጣ የምፈራው በረዶውን ነበር፤ ወድቄ ዳሌዬ እንዳይሰበር። ዘንድሮ የምፈራው ሰው ነው። ፊታቸውን የሸፈኑ የኢሚግሬሽን ሰዎች ከመንገድ ላይ፣ ከሥራ ቦታ ደጃፍ ላይ ሰው ይዘው ይሄዳሉ። ወረቀቱ የተሟላለት ሰው እንኳ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ፓስፖርቱን በደረቱ ይዞ ነው። ቅዳሴ ላይ ሰው ቀንሷል፤ የመጣውም ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ኢየሩሳሌም የእኔን ፓስፖርት በላስቲክ ጠቅልላ ከካፖርቴ ገበር ውስጥ ሰፍታልኛለች። ስንቀሳቀስ ይንኮሻኮሻል። እዚያ ላይ የተጻፈው ስም ባየሽ ሰረቀብርሃን ነው። እንግዲህ የፍርሃቴን ምክንያት አገኘሽው።

ነገሩ የጀመረው በልጅ ልጄ በፊልሞን ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ የአፍሪካ ታሪክ ያጠናል። ጎበዝና ቅን ልጅ ነው፤ አፉን በእንግሊዝኛ ከፍቶ በአማርኛ የሚዘጋ። አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ተሸክሞ እየሮጠ መጣና «ግራንድማ፣ ሉክ፣ አባትሽ» አለኝ። ሰረቀብርሃን ነበር፤ ካባ ለብሶ፣ ነጻ ከወጡት አገሮች መልእክተኞች ጋር ተደርድሮ። ልጄ ኢየሩሳሌም እውነቱን ታውቃለች፤ ለልጆቿ ግን አንዳችንም ነግረናቸው አናውቅም። ዘሩ ከትልቅ ሰው መመዘዙን ሰምቶ ደረቱን የነፋ ልጅ ፊት ምን ይባላል? ፊልሞን በዚህ አላበቃም። ሰውየው የተወለደበት መቶኛ ዓመት ዘንድሮ ነው ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ሴንት ፖል ውስጥ አዳራሽ ያዘ፤ ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ በተነ፤ «ልጃቸው ትናገራለች» ብሎ የእኔንም ምስል ከእሱ ምስል ሥር ለጠፈ።

አንቺ የምታውቂው ሰረቀብርሃን በበቅሎ መጥቶ አባታችን ቤት ያደረውን ባለ መሬት ነው። የመጀመሪያው የእንደራሴዎች ምርጫ ደርሶ፣ ጭሰኞቹን በጭነት መኪና አስጭኖ ድምፅ ያሰጠ ጊዜ። አባታችን ከጭሰኞቹ አንዱ፣ እምቢ ማለት የማይችል። እንግዳው ሲነሳ «ይቺን ልጅ ስጠኝ፤ እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ፣ አስተምራታለሁ» አለው። እናታችን እስከ ወንዙ ተከትላን እንደነበር የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፤ እኔ አላስታውስም። አዲስ አበባ ስደርስ ሚስቱ ጂፋሬ የሚለው ስሜ አፏ ላይ አልገባ አላትና ባየሽ አለችኝ። ሰው «የማን ልጅ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ «የእኛው ናት» ይባላል። በዚያ ዘመን ቤት ያሳደገው ልጅ በአሳዳጊው ስም ሲጠራ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እንዲህ ሆኜ ቀረሁ።

እሱ ግን ከፍ እያለ ሄደ። ከእንደራሴነቱ ወደ ውጭ ጉዳይ ተሻገረ። አፍሪካ ከቅኝ ገዢ እጅ የምትወጣበት ዘመን ነበርና፣ ዛሬ አክራ ነው፣ ነገ ካይሮ ነው፣ ከነገ ወዲያ ኮናክሪ ነው። አዲስ ባንዲራ በተሰቀለበት ሁሉ የኢትዮጵያን ሰላምታ ይዞ የሚሄደው እሱ ነበር። ከጉዞው በፊት ንግግሩን መስታወት ፊት ቆሞ ይለማመዳል፤ እኔ እግሩ ሥር ተንበርክኬ ጫማውን እቦርሻለሁ። «የቅኝ ገዢው ትልቁ ወንጀል የአፍሪካን ልጅ ከፊደል መከልከሉ ነው» ይል ነበር፤ እዚህ ቦታ ላይ ጣቱን ያነሳል። እኔ ያን ንግግር ከነጣቱ በቃሌ አጥንቼው ነበር። «ሀ» የትኛዋ እንደሆነች ግን አላውቅም። ተማሪ ቤቱን ሚስቱ «ለከርሞ ትገባለች» ትላለች፤ ከርሞው ሳይመጣ አረጀሁ። ሌሊሴ የምታነብልሽን ይህን ፊደል የለየሁት ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ እዚሁ ሚኒሶታ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ከሕፃናት ጋር በትንሽ ወንበር ተቀምጬ ነው። ሕፃናቱ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ሲል ይስቁብኝ ነበር።

የአፍሪካ መሪዎች ሁሉ አዲስ አበባ ከተሰበሰቡ በኋላ ቤቱ እንግዳ አያጣም ነበር። ነጮች ገና ከሚገዟቸው አገሮች የሸሹ ታጋዮች ይመጡና ይጠለላሉ። ከነሱ መሃል ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ቴምባ የሚባል ወጣት ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ ሳቁ ከሳሎን እስከ ማድ ቤት የሚሰማ፣ ትንሽ ትንሽ አማርኛ የለመደ። የእሱን ነገር ወደፊት እነግርሻለሁ፤ እዚህ ላይ ስሙን ብቻ ያዥልኝ።

ደርግ መጥቶ ሰረቀብርሃንን ሲወስደው ሚስቱ ሞታለች፣ አንድ ልጁ ቸሩ አውሮፓ ተማሪ ነው። ቤት የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። «ልጁ ነሽ» አሉኝ። «ሠራተኛ ነኝ» አልኳቸው። አንዱ ለጓደኛው «ዛሬ መቼም ሁሉም ሠራተኛ ሆኗል» አለና ሳቁብኝ። በእሱ ስም ታሰርኩ፤ በእሱ ስም የውስጥ እግሬን ተገረፍኩ፤ ስፈታም በእሱ ስም እየተፈለግሁ ሱዳን ተሰደድኩ። ካምፑ ውስጥ የአባት ስም ሲሉኝ የታሰርኩበትን ስም ነገርኳቸው። አባቷን ገድለው እሷን አሰሩ ብለው ወደዚህ አገር አመጡኝ፤ ኢየሩሳሌምም በጀርባዬ ታዝላ አብራኝ መጣች። አይደለሁም ያልኩ ጊዜ ያመነኝ የለም። ዛሬ ደግሞ አይደለችም ብለው እንዳያምኑ እፈራለሁ። ሰረቀብርሃን በሁለቱም በኩል ያዘኝ።

ወደ ፊልሞን ነገር ልመለስ። ኢንተርኔት ላይ ከበተናቸው ፎቶዎች ባንዱ ቴምባ ከሰረቀብርሃን ጎን ቆሟል። ይህን ያየች ኖምሳ የምትባል ሴት ለፊልሞን ጻፈችለት። እዚሁ ፕሊማውዝ የምትኖር ነርስ ናት። «ይህ ሰው አጎቴ ነው፤ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ድምፁ ጠፋ፤ አያትህ በቤቱ ከነበረች ምን እንደደረሰበት ጠይቅልኝ» አለችው። ልጁ ደስታው ወሰን አጣ። በዚሁ ሰሞን ደግሞ ቸሩን ፈልጎ አገኘው። ቸሩ ዕድሜውን በሙሉ ጄኔቫ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ ስለ አባቱ መጽሐፍ ይጽፋል። ፊልሞን «ግራንድማ፣ ወንድምሽን አገኘሁልሽ፣ ሰርፕራይዝ» ሲለኝ የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። ከደስታ መስሎት አቀፈኝ።

ቸሩ ደወለልኝ። «ባየሽ፣ እስካሁን አለሽ እንዴ? እኅቴ ሆነሽ ጠበቅሽኝ አሉ» አለና ሳቀ። ያው የልጅነቱ ሳቅ ነው፤ ውሃ አምጪ ሲለኝ የሚስቀው። የኖምሳን ጥያቄ ፊልሞን ነግሮት ኖሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያቺ ሴትዮ ስለ ቴምባ ስትጠይቅ፣ ቴምባ በገዛ ፈቃዱ በአውሮፕላን ወደ ሌላ አገር ሄደ በይ አለኝ። «በአባቴ ስም ስትበዪበት ኖረሻል፤ አንድ ቀን መልሺለት። ካልሆነ ግን የማን ልጅ እንደሆንሽ ለሚመለከተው አንድ ወረቀት መጻፍ አያቅተኝም። ዘንድሮ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ፈላጊው ብዙ ነው» አለኝ። እሺ ጌታዬ አልኩት። አዎ፣ ጌታዬ አልኩት። ይኼን ያህል ዘመን አልፎ ቃሉ ከምላሴ ላይ አልወረደም ነበር።

በዓሉ እሑድ ሊሆን ቅዳሜ ቸሩ ከጄኔቫ ገብቶ ለምሳ እኛ ቤት መጣ። ኢየሩሳሌም ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ስትሠራ ዋለች። ሽማግሌ ሆኗል፤ ያማረ ሙሉ ልብስ፣ ያማረ ሽቶ። ልጆቹን ሳመ፣ አበባ ሰጠ፣ «እኅቴ፣ እኅቴ» እያለ ከጎኔ ተቀመጠ። ምግቡ እንደቀረበ እጅጌውን ሰበሰበና «ከሁሉ በፊት እኅቴን ላጉርስ» አለ። ፊልሞን በስልኩ ሊቀርጽ ተነሳ። እንጀራው ከአፌ ሲገባ ትን አለኝ፤ ኢየሩሳሌም ጀርባዬን እየመታች ውሃ አጠጣችኝ። «አረጀን» ብሎ ቸሩ ሳቀ። ማርጀት አልነበረም። የቴምባን ነገር እዚህ ላይ ልንገርሽ።

ቴምባ ያየውን የሚናገር ሰው ነበር። አንድ ቀን እንግዶች ባሉበት ወደ እኔ እያመለከተ «ጌታው፣ ይቺ ልጅ ለምን ተማሪ ቤት አትሄድም?» አለው። ሌላ ቀን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስቦ፣ ከቅኝ ገዢ ነጻ የወጣ ሰው ከባለ መሬትም ነጻ መውጣት አለበት ብሎ ተናገረ፤ ተማሪዎቹም ቃሉን ይዘው ከተማውን ሞሉት። ይህን የተናገረው የሰረቀብርሃን እንግዳ ነው ተባለ። ሰረቀብርሃን ደግሞ በዚያን ጊዜ የአምባሳደርነት ሹመት ይጠብቃል። ቤት ውስጥ ቁጣውን ስንጠብቅ ጭራሽ ፈገግታ በፈገግታ ሆነ። ቴምባን ብቻውን ምሳ ጠራው።

እኔ እጁን እያስታጠብኩት ነበር። ቴምባ ውሃውን ፊቴ ላይ ረጨት እያደረገ ያስቀኛል። በዚያች ቅጽበት ሰረቀብርሃን ኮሪደሩ ላይ ስልኩን አንስቶ «አዎን፣ እዚህ ነው። ምሳውን ሳይጨርስ ኑ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እኔ መኖሬን እያየ ነው የተናገረው፤ እኔን ከመቁጠር ወንበሩን ይቆጥራል። ከዚያ ተመልሶ ገበታው ፊት ተቀመጠ፣ ከወጡ መሃል መረጠ፣ ጠቀለለና በእጁ አጎረሰው። ሁለተኛም ደገመው። ቴምባ አፉ ሞልቶ በሳቅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ገና እያላመጠ ሁለት የጸጥታ ሰዎች ገቡ። ቴምባ ወደ ሰረቀብርሃን ዞሮ አየው። «ወዲያው ትመለሳለህ፤ ምግቡ አይቀዘቅዝም» አለው። ኮቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ወጣ። አልተመለሰም። በማግስቱ ሰረቀብርሃን ለጠየቀው ሁሉ «ሳይሰናበተኝ ሄደ» ይል ጀመር። ኮቱን ሚስቱ ለዘበኛው ሰጠችው። ብዙም ሳይቆይ ሹመቱ ተነገረ፤ ቤቱ በድግስ ተናጋ።

አየሽ እቴ፣ ገበታ ላይ ጠርቶ፣ በእጁ አጉርሶ አሳልፎ መስጠት። እኛ አገር ለጠላት እንኳ አይደረግም። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሊያጎርሰኝ እጁን ሲዘረጋ በሩን ነው የማየው፤ በሠርጌ ቀን ባለቤቴ ስንታየሁ፣ የኢየሩሳሌም አባት፣ ነፍሱን ይማረው፣ ሲያጎርሰኝ እንኳ እንደዚያው ነበር። ምክንያቱን ሳልነግረው ሞተ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። የፈራ ሰው ሁሉ ለአንድ ቀን ፍርሃቱን ቤቱ ትቶ የመጣ ይመስል ነበር። የሰረቀብርሃን ፎቶ ከግድግዳው ግማሹን ይዟል። ቸሩ ረጅም ንግግር አደረገ፤ አባቱ ለአፍሪካ ነጻነት እንቅልፍ እንዳጣ፣ ታጋዮችን በቤቱ እንዳስጠለለ። ያቺ ጣት የምትነሳበት ቦታ ላይ ሲደርስ እሱም ጣቱን አነሳ። ቀጥሎ እኔን ፊልሞን እጄን ይዞ አወጣኝ፤ የምናገረውን ለማያውቁት በእንግሊዝኛ ሊመልስ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቸሩ ያዘዘኝን ለማለት ነበር የወጣሁት። «በአውሮፕላን ሄደ» የሚለውን ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው አድሬያለሁ።

ኖምሳ ከፊት ተቀምጣ ነበር። አፌን ሳልከፍት ተነሳችና ጎንበስ ብላ ሁለት እጄን ያዘች። የቴምባ እናት እስክትሞት ድረስ ምግብ ሲቀርብ የልጇን ድርሻ በሳህን ታስቀር ነበር አለች፤ «ይበላ እንደሆነ፣ ይራብ እንደሆነ ነበር የምትጠይቀው። አንቺ አብልተሽው ይሆናልና አመሰግንሻለሁ» አለች። ፊልሞን ይህን ወደ አማርኛ ሲመልስልኝ ያ የተለማመድኩት ነገር ከአፌ ጠፋ።

«እኔ የሰረቀብርሃን ልጅ አይደለሁም» አልኩ። «አባቴ ዋቁማ ይባላል፤ የዚህ ሰው ጭሰኛ ነበር። እኔ ቴምባ በተወሰደበት ምሳ ላይ ቆሜ አሳልፌአለሁ።» ፊልሞን ማይኩን ይዞ ያየኛል፤ አይመልስም። ኖምሳ «ምን አለች?» ስትለው፣ «ግራንድማ፣ እንዲህ አልሽ?» አለኝ በጆሮዬ። «ያልኩትን ሁሉ በል ልጄ» አልኩት። ከዚያ እስከ ኮቱ ድረስ ተናገርኩ፤ እሱም ድምፁ እየሰለለ ተከተለኝ። ኖምሳ አላለቀሰችም። «ታዲያ ምሳውን በልቶ ነው የሄደው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ጉርሻ አልኳት። አንገቷን ነቀነቀችና ተቀመጠች።

አንድ ሽማግሌ ተነስተው ይህን ዛሬ ማንሳት ለማን ይጠቅማል ብለው ተቆጡ። ከኋላ አንዷ ለጎረቤቷ «ለካ ገረድ ኖራለች» ስትል ሰማኋት። ከእሷ ጋር ዓመታት አብሬ አስቀድሻለሁ። ቸሩ ወረቀቶቹን በቀስታ ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ሊስመኝ ያለ መስሎ «ሰኞ ቢሮ ክፍት ነው» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ፤ የአባቱን ፈገግታ።

ፊልሞን መኪናውን እየነዳ ወንዙን ስንሻገር «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። ስላልጠየቅኸኝ ልለው አሰብኩና ተውኩት፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ቤት ስንደርስ የጮኸችብኝ ኢየሩሳሌም ናት። «አንቺ እንግዲህ አርጅተሻል፤ ምን ይቀርብሻል? እኔስ? ልጆቼስ? የእኔ ወረቀት የቆመው ያንቺ ወረቀት ላይ እኮ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የምፈራው ለእሷ ነው። ለራሴማ ከሰረቀብርሃን ቤትና ከደርግ እስር ቤት የከፋ ምን ያሳዩኛል?

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መኪና ደጃፋችን ላይ ሲቆም ከወንበሬ ተነስቼ ከመጋረጃው ጀርባ እቆማለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ዕቃ አድራሽ ነው፣ ሳጥኑን ጥሎ ይሄዳል። ኢየሩሳሌም ለሥራ ስትወጣ በሩን ለማንም እንዳልከፍት አስጠንቅቃኝ ነው። አንድ ቀን ደወሉ ተደውሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ለካ ፊልሞን ነው፤ ቁልፉን ረስቶ ብርድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ቆሟል። ከቁም ሣጥኑ ስወጣ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቸሩ ይጻፍ አይጻፍ የምናውቀው ነገር የለም። ይህ ነው የሚገድለኝ፤ ጽፎም ይሆናል፣ ሊያስፈራራኝ ብሎም ይሆናል።

ወደ አንዲት ጠበቃ ሄደን ነበር። ስትሰማኝ ቆይታ፣ በአሳዳጊ ስም መጠራት በራሱ ውሸት አይደለም፣ እስሩም ስደቱም እውነት ነው አለች። ነገር ግን ጥያቄ ከመጣ ነገሩን የሚያስረዳ የሥጋ ዘመድና ያንን ዘመን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ምን ይሆናል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ቃል ልሰጣችሁ አልችልም አለች። ሐቀኛ ናት፤ ይበልጥ ያስፈራኝም ሐቀኝነቷ ነው።

እንግዲህ እቴ የምለምንሽ ይህን ነው። ምናልባት የማታውቂው ሰው ይደውልልሻል ወይም ሰው ይላክብሻል። «እኅቴ አይደለችም ብትዪ ለእሷ ይበጃታል» ብሎ ሊያግባባሽ ይችላል፤ ቸሩን አውቀዋለሁ። አንቺም እኔን ለማዳን ብለሽ እሺ እንዳትዪ። የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን፣ እንዴት እንደተወሰድኩ፣ ማን እንደወሰደኝ እንዳለ ተናገሪ። በአካባቢው የዚያን ጊዜ ሰው ካለ ገመቹ ይዟቸው ቀበሌ ይሂድና ቃላቸውን ይስጡ። እናታችን የተከተለችበትን ወንዝ ሳይቀር ንገሪያቸው። እውነቱ ይጎዳኝ ይሆናል፤ የኔው ነውና ግድ የለም።

ገመቹን ሳሚልኝ፤ አጥሩን ብቻውን እንዳይሠራ፣ ጀርባውን ይጠብቅ። ለብዙነሽ ምራትሽ እንደ ልጅሽ ስለምታስታምምሽ ምርቃቴ ይድረሳት። ሌሊሴን ይህን ስታነብ ድምፅዋ ቢሰበር አይዞሽ በያት፤ ተማሪዎቿን ስታስተምር ከኋላ ወንበር የሚቀመጠውን ልጅ እንዳትረሳ። የሌሊሴ ሕፃን ጥርስ አበቀለ ወይ? ፀጉሩን እሽት አድርጊልኝ። የአባታችንና የእናታችን መቃብር ዘንድ ስትሄጂ ስሜን ጠርተሽ፣ ጂፋሬ ሰላም ብላችኋለች በያቸው። ፊልሞንም ሰላም ብሎሻል፤ ትናንት መጥቶ «ዋቁማ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የማስታውሰው ጥቂት ስለሆነ አንቺ የምታውቂውን ሌሊሴ ትጻፍለት።

ደፋር ሆኛለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ይህን ስጽፍ እንኳ ደወሉ ተደውሎ ሁለት ጊዜ ብዕሩን አስቀምጫለሁ። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የፈራሁት ሰው ይመጣ ይሆናል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ሳልገባ በሩን እከፍትለታለሁ። ማንም ይሁን ማን፣ የማን ልጅ ነሽ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ፓስፖርቱ ላይ የፈለገው ይጻፍ፣ ከእንግዲህ ሰረቀብርሃን አልልም።

እኅትሽ
ፍሪድሊ፣ ሚኒሶታ
ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.